የሌላ ሰው ሰደርያ

ኒደርላው፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1764

ለባለቤቴ ለአሥር አለቃ ኤርድማን፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። አባቴም ዓይኑ ከመድከሙ በቀር ደህና ነው፤ ዛሬም ኮርቻ ቤቱ ገብቶ ቆዳ ይዳብሳል። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር በለኝ፤ ጎመኑን ሳንሰበስብ ውርጭ ቀደመን።

እህሉን ማን አጨደልሽ ላልከው፣ እኔ፣ አባቴና ጎትሎብ ነን። የጎረቤታችን የመበለቲቱ የሃርዝ ልጅ ጎትሎብ። እሱም ያው የአንተ ሬጅመንት ሰው አይደል፤ ግን እንደ ሌሎቹ ወታደሮች ፈቃድ ወጥቶ በጋውን የእናቱን መሬት ሲያርስ ከረመ። አንተን ግን ጽሕፈትህ አማረና አስቀሩህ። እኔ አልጠራሁትም፤ እናቱ ናት የላከችው። የእሷ ጣቶች አልታጠፍ ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን የማጥብላት እኔ ነኝ፤ ውለታ ለመመለስ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፣ እሱ ከኋላ። በደንቡ መሠረት ወታደርነቱ እንዲታወቅ እሑድ እሑድ ኮቱን ለብሶ ይመጣል። ሴቶቹ ያዩታል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ስለምቀመጥ አላየውም። ስለጠየቅከኝ ነው የምጽፈው።

አዲሱ ኮሎኔል ፈቃድ የወጡትን ሁሉ ስለጠራ ጎትሎብ ነገ ይነሣል። የፕሪም ማርማላታ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ባሌ የቀረው የሬጅመንቱን ታሪክና የልብሱን ታሪክ እንዲጽፍ ታዞ ነው ብዬ ብናገር የወፍጮ ቤቷ አና ሳቀችብኝ። «የኮትና የቁልፍ ታሪክ ደግሞ ምን ይሆናል? ባልሽ የሚመጣበትን ቀን ቢጽፍልሽ አይሻልም?» አለችኝ።

ሬጊነ


ሌርሽታይን ጦር ሰፈር፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1764

ለባለቤቴ ለሬጊነ፣

ሰላም ለአንቺና ለአባትሽ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ከጣቶቼ ቀለም አልለቅ ከማለቱ በቀር የሚጎድለኝ የለም።

ለአና እንዲህ በያት። ሬጅመንታችን በ1702 ሲቋቋም የፎን ሄልምሮት ይባል ነበር፤ ኮቱ ነጭ፣ የእጅጌው መታጠፊያ ቢጫ። በ1719 ኮሎኔሉ ሞተና የፎን ዙልበርግ ሆነ፤ መታጠፊያውም ሰማያዊ። በ1741 ለዙልበርግ ወንድም ልጅ ሲተላለፍ አረንጓዴ ተደረገ። አሁን ደግሞ ፎን ትራውቪትስ ገዝቶታል፤ ቀይ ይሁን ብሏል። ጌታ በተለወጠ ቁጥር ስማችንም ቀለማችንም ይለወጣል። በሰማያዊው ጊዜ የሞተ ሰው በማን ስም እንደሞተ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ይጻፋል። አሮጌዎቹን ትእዛዞች እያነበብኩ በጥሩ ወረቀት እገለብጣለሁ። ኮሎኔሉ ገጹን አይቶ «ይህ እጅ ጠመንጃ መያዝ የለበትም» ብሏል። እንግዲህ ታሪኩ እስኪያልቅ ፈቃድ የለኝም።

ሰፈሩ ተተራምሷል። ኮቶች ሁሉ ወደ ሰፊዎቹ ሄደዋል፤ መጋዘኑም ተራግፏል። ሰዉ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል።

ማርማላታው ደርሶኛል። ሦስት ጣት ያህል ጎድሎ ነው የደረሰው። ጎትሎብን ብጠይቀው፣ «መንገዱ ረጅም ነበር፣ አሥር አለቃ» አለና ሰዉን ሁሉ አሳቀ። ቀጠለና፣ «የኤርድማን ሚስት ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ክረምት ምን ያደርገዋል?» አለ። ሌሎቹ እኔን እያዩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ምድጃችን አጠገብ ምን አስቀመጠው? ስንት ጊዜ? አባትሽ የት ነበሩ? በደንብ ጻፊልኝ።

ኤርድማን


ኒደርላው፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1764

ለባለቤቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለአና አነበብኩላት። «ታዲያ ሐምራዊ የሚወድ ኮሎኔል ቢመጣስ?» አለች።

ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ አልቆጠርኩም። እንደምትጠይቀኝ ባውቅ ኖሮ በከሰል ግድግዳ ላይ ጭረት እጭር ነበር። ዝናብ ሲያገኘው ገብቷል። የምድጃው በር ሲወልቅ አስገብቷል። አባቴ እዚያው ነበር፤ ዓይኑ ደከመ እንጂ ጆሮው አልደከመም። ጎትሎብ ብዙ ያወራል፤ ሰው ሲስቅለት ደግሞ ይብስበታል። አንተም ታውቀዋለህ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከአንድ ድስት በልታችኋል።

የቅዱስ ማርቲን ዕለት ዝይ አርደን ከመበለቲቱ ጋር በላን። አንገቷን ለአንተ ብዬ ላስቀር ነበር፤ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት።

ኤርድማን፣ ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ እኔ የጠየቅከው የሌላ ሰው መቀመጫ ነው። ባለፈው የጻፍኩልህ ሳል ለቀቀሽ ወይ አላልከኝም። ለቅቆኛል።

ሬጊነ


ሌርሽታይን፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1764

ለሬጊነ፣

ስለ ሳልሽ ባለመጠየቄ ይቅርታ። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰዎቹ ከጉድጓዱ አጠገብ ይታጠቡ ነበር። ጎትሎብ አዲሱን ባለ ቀይ መታጠፊያ ኮት አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለው። ከሥሩ ነጭ ሰደርያ ለብሷል። ክንዱን ሲያነሣ ከግራ ብብቱ በታች፣ ጎኑ ላይ፣ አራት ጣት የሚያህል ስፌት አየሁ። በሰማያዊ ክር፣ በሁለት መርፌ የተሰፋ፤ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ እየተሻገሩ፣ ክሩ ሰም የተቀባ። የኮርቻ ሰፊ ስፌት። አባትሽ ያስተማሩሽ ስፌት። ሬጅመንቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰፊ አለ፤ እንደዚያ የሚሰፋ አንድም የለም። በዚህ አገር ጨርቅ በሁለት መርፌ የምትሰፋ ሴት ከአንቺ ሌላ አላውቅም።

ቀረብ አልኩና «ይህን ማን ሰፋልህ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ። ሲሰጡኝም እንዲህ ነበር።»

«ሰደርያ ራሱን አይሰፋም።»

«አሥር አለቃ፣ ሰደርያዬን እንደ ሙሽራ አፈጠጥክበት እኮ! ካማረህ እንቀያየር።»

አካባቢው ሁሉ ሳቀ። አንደኛው፣ «ጸሐፊያችን የእያንዳንዱን ሰው ስፌት ታሪክ ሊጽፍ ነው!» አለ። እኔ ወደ ጽሕፈት ቤቴ ተመለስኩ። ያን ቀን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ያንን ቦታ የሚሰፋ ሰው ልብሱን ለባሹ ላይ ለክቶ ነው የሚሰፋው፤ አውቃለሁ፣ ለእኔም እንደዚያ አድርገሻል። ክንዱን አንሥቶ ቆሞልሻል። መቼ ነው? ዝናብ ሲያገኘው ነው? የምድጃውን በር ሲያስገባ ነው?

ከገና በፊት መልስ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የማይመጣ መልስ ራሱ መልስ ነው።

ኤርድማን


ሌርሽታይን፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1764

ለሬጊነ፣

ገና አለፈ። አልመለስሽም። ገብቶኛል።

ከእንግዲህ ስለ ጎትሎብ አልጠይቅሽም። ልዑላችን ከባሕር ማዶ ላለ ንጉሥ አርባ ሰው ለስድስት ዓመት አውሷል። ከእኛ ክፍል የደረሰው ሦስት ሰው ነው። ጎትሎብ አንዱ ሆኖ ከገና ማግስት ሄዷል። በወንዙ ዳር ካለው ምሽግ ቆይተው በረዶው ሲሰበር መርከብ ይሳፈራሉ። ትእዛዝ ነው።

ለእናቱ አንቺ ንገሪያት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገናኙት እናንተ ናችሁ።

ኤርድማን


ኒደርላው፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1765

ለኤርድማን፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ ዛሬ ጠዋት አንድ ላይ ደረሱኝ። ከቅዱስ ኒኮላስ ዕለት፣ ከዲሴምበር 6 ጀምሮ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ ፖስተኛው በአምስት ሳምንት ውስጥ የመጣው ዛሬ ነው። አንተ መልስ ነው ያልከው በረዶውን ነው።

በዚያው ከረጢት ለመበለቲቱ ሃርዝም ደብዳቤ መጣላት። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ጎትሎብ ከምሽጉ ያስጻፈው ነው። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሃለሁ። «እማዬ፣ ሃምሳ አለቃው ስማችንን ያነበበበትን ወረቀት አየሁት፤ የኤርድማን ጽሕፈት ነው። በእሱ እንዳታዝኚ። ጸሐፊ የታዘዘውን ነው የሚጽፈው። በበጋ ሲመጣ ጣሪያውን እንዲያይልሽ ለሬጊነ ንገሪያት።»

እሷም «እውነቱን ነው፤ ኤርድማን ምን ያድርግ?» አለች። ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አሁን ስለ ሰደርያው። ለጎትሎብ ምንም ሰፍቼ አላውቅም። ቁልፍ እንኳ። ከወደደኝም አልነገረኝም። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስፌቱ የእኔ መሆኑን ግን አልክድም። ሰማያዊ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ሰፍቼ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1761 ክረምት፣ ከጦር ሜዳ ለሦስት ቀን የመጣህ ጊዜ። ኮትህ ጎኑ ላይ በሰይፍ ተቀዷል። ነጭ ክር አልነበረኝም፤ ከሠርግ ሽርጤ ጠርዝ ሰማያዊውን መዘዝኩ። አንተ ክንድህን አንሥተህ «ቶሎ በይ እንጂ፣ በረደኝ» ትለኛለህ።

ያ ኮት የት ደረሰ? በቀጣዩ ዓመት አዲስ ሲሰጡህ አሮጌውን ወሰዱብህ። ወስደው ምን አደረጉት? የልብሱን ታሪክ የምትጽፈው አንተ ነህ። እኔ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ደህና ቆዳ ሲያረጅ እንደማይጣል አውቃለሁ። ጨርቅንም እንደዚያው ያደርጉት ይሆን? ወረቀትህን እየው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ወረቀቱ የአንተ ጽሕፈት መሆኑን ጎትሎብ ነግሮናል። ስሙስ የማን ምርጫ ነው?

ሬጊነ


ሌርሽታይን፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1765

ለሬጊነ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሰላም ልበልሽ።

የ1741ን ትእዛዝ አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «ጊዜው ያለፈ ኮት ከወታደሩ ተመልሶ መጋዘን ይግባ። እጅጌው ተቆርጦ፣ ገላው ለሰደርያ ይሁን። ሰደርያውም የማን እንደነበረ ሳይታይ በልክ ለሚገጥመው ይሰጥ።» በኦክቶበር በጥሩ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ። አንድ ስህተት የለውም፤ ኮሎኔሉ አመስግኖኛል።

ወደ ሰፊዎቹ አለቃ ሄድኩ። «በመጸው ከአራት መቶ በላይ አሮጌ ኮት ቆርጠናል፤ ከጦርነቱ ጀምሮ የተከማቸ» አለኝ። ጎትሎብ የለበሰው ከየትኛው ኮት ነው ብለው ሳቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሱን ቁመትና ደረት ከሚያህል ሰው ነዋ! ቁመታችሁ እኩል ስለሆነ አንተና እሱ ስትሰለፉ ሃምሳ አለቃው ገመድ የሚዘረጋው በሁለታችሁ ትከሻ አልነበር?»

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልምጣ። ሻምበሉ ሁለት ስም ሰጠኝና «ሦስተኛውን አንተ ሙላው፤ ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ። ሚስት የሌለው ይሁን» አለኝ። ሚስት የሌላቸው ሃያ ዘጠኝ ናቸው። እንዲመቸኝ ብዬ ዝርዝሩን ፊቴ ዘርግቼ ነበር። አላየሁትም። የጎትሎብን ስም ጻፍኩ፤ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነስኩበት። ያን ቀን ራቴን በደንብ በላሁ። ይህንን የምነግርሽ ከእኔ በቀር የሚነግርሽ ሰው ስለሌለ ነው።

ትናንት ሻምበሉ ዘንድ ገብቼ ተሳስቻለሁ አልኩት። ምን እንደተሳሳትኩ አልጠየቀኝም። «ወረቀቱ ላይ የልዑሉ ማኅተም አርፎበታል። ስም የሚወጣው በሞት ነው፤ አለዚያ ፈቅዶ በሚተካ ሰው ነው፤ ያውም በቁመት እኩል ከሆነ፤ ልብሱ ተሰፍቷልና» አለ። ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «አሥር አለቃ፣ ታሪኩ በማርች ያልቃል። ፈቃድህን ፈርሜልሃለሁ። ወደ ሚስትህ ሂድ» አለኝ።

እነሆ ነገሩ ይህ ነው። እኔ ብሄድ ጎትሎብ ይመለሳል። ከአጥራችን ማዶ። እኔ ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ፣ እሱ ከአጥራችን ማዶ። አጥሩ ስንት ክንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ምንም እንዳልሰፋሽለት አሁን አምናለሁ። ግን አምኜም ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ያን አጥር እለካለሁ።

ምን ላድርግ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ኤርድማን


ኒደርላው፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1765

ለኤርድማን፣

ያልኩህን ታደርጋለህ። ሂድ ብልህ ጎትሎብን ፈልጋ ነው ትላለህ፤ ስድስት ዓመት መርከብ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ሆነህ ይህንኑ ታመነዥጋለህ። ና ብልህ ትመጣለህ፤ ደስ ይልሃል። ከዚያ አንድ ቀን ሾርባ እየበላህ ቀና ትልና፣ እንዴት እንዲህ ቶሎ ጨከነችበት፣ በእኔም እንዲህ ትጨክን ይሆን ትላለህ። ከአፌ የሚወጣ ማንኛውም ቃል ለአንተ መርዝ ነው። ስለዚህ አልመልስልህም። የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ጨርሰው።

ከፈለግህ እዚህ ያለውን እነግርሃለሁ። ከእሑድ ጀምሮ መበለቲቱ ቤት ነው የማድረው። ጣሪያዋ በበረዶው ተጫነ፤ እሷም እሳት ማንደድ አልቻለችም። አባቴን ይዤ ገባሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ደብዳቤውን አንብቢልኝ ትለኛለች። «ጸሐፊ የታዘዘውን ነው የሚጽፈው» የሚለው ላይ ስደርስ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እስካሁን አልነገርኳትም። አንተ ነህ የምትነግራት። በእግርህ መጥተህ ከሆነ በሯ ከእኛ በር በፊት ነው የሚገኘው፤ ሳትነግራት ወደ እኔ አታልፍም። ካልመጣህም በጽሕፈት ንገራት፤ እኔ አነብላታለሁ። ቃል አልለውጥም።

የባልነትህን ነገር ግን እነግርሃለሁ፤ ባሌ ነህ። አልተውኩህም። አሁን ግን ላይህ አልፈልግም፤ ሁለቱንም እወቅልኝ።

ሬጊነ


የወንዝ ዳር ምሽግ፣ ማርች 3 ቀን 1765

ለባለቤቴ ለሬጊነ፣

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለአባትሽ፣ ለመበለቲቱ።

አድራሻውን ስታይ ይገባሻል። ስሜን ከጎትሎብ ስም አጠገብ ጻፍኩ፤ ሻምበሉ የእሱን ሰረዘ። በጽሕፈት የተያዘ ነገር ሲሰረዝ ማየት አልወድም ነበር። ታሪኩን ለሌላ ጸሐፊ አስረክቤያለሁ፤ እጁ መጥፎ ነው።

እዚህ የሰጡን ኮት ቡናማ ነው። የማን ቀለም እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጎትሎብን በር ላይ አገኘሁት፤ እሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በሰደርያ?» አለኝ።

«በሰደርያ።»

«ጠይቀኸኝ ነበር እኮ፣ ኤርድማን። አላውቅም አልኩህ።»

«ብለኸኛል።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። ከረጢቱን አንሥቶ ሄደ። ጥቂት ሄደና ዞሮ፣ «ለሬጊነ ምን ልበልልህ?» አለኝ። ምንም አትበል አልኩት። ስምሽን ሲጠራ የመጣብኝን ነገር አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እዚህም ተከትሎኝ መጥቷል።

ከዚህ ወረቀት ጋር የታጠፈው ለመበለቲቱ ነው። ልጇን ማን እንዳስወሰደና ለምን እንደሆነ ጽፌዋለሁ። እሱ ከመድረሱ በፊት አንብቢላት።

በረዶው ትናንት መሰንጠቅ ጀምሯል። ሐሙስ እንሳፈራለን ይላሉ። ደብዳቤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል ተብሏል። ስትጽፊልኝ ስለ አባትሽ ጻፊ፤ ስለ ሳልሽ ጻፊ። ስለ ጎትሎብ ምንም አትጻፊልኝ።

ወረቀቱን አጥፌው ነበር፤ መልሼ ከፈትኩት። ጻፊልኝ። የመጣበትን ቀን ጻፊ፣ ምን እንዳለ ጻፊ፣ ስንት ሰዓት እንደሄደ ጻፊ። አንድም እንዳታስቀሪ።

ኤርድማን